አውራውን በግ ማን ይምረጠው?

የሰሜን አውሮፓ አገሮችን ለፈጠራ ያበቃቸው የአብሮ መሥራት ልማድ በመንዝ ደጋ ላይም አለ፤ ከበጉ ወደ ሱፉና ወደ ፋብሪካው ግን ገና አልተሻገረም

መንዝ ውስጥ አውራ በግ የሚመረጥበት ቀን ለሩቅ ተመልካች ገበያ ይመስላል። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ጠቦቱ በገመድ ይሳባል፤ አልሄድ ያለው በሸክም ይመጣል። በዚህ ጉባኤ ግን ገዢም ደላላም የለም። አንድ የመንደሩ ልጅ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ጠቦት ጆሮው ላይ ቁጥር ተንጠልጥሎለታል። ቁጥሩ ሲጠራ ልጁ ከመዝገቡ ያነባል፤ ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር፣ ጡት ሲተው ስንት ደረሰ፣ ስድስት ወር ሲሞላው ስንት መዘነ፣ መንታ ነው ወይስ ነጠላ፣ ለእናቱ ስንተኛ ወሊዷ ነው።

ንባቡ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ይነሣሉ። ላቱን ይዳስሳሉ፣ የቀንዱን አበቃቀል ያያሉ፣ ጀርባውን በመዳፋቸው ይለካሉ፣ እግሩ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ያራምዱታል። መዝገቡ አንደኛ ያደረገውን ጠቦት መልኩ ጥቁር ነው ብለው ወደ ኋላ ሊያስቀምጡት ይችላሉ፤ ገበያው ቀዩንና ነጩን ይመርጣልና። ክርክሩ ይረዝማል። በመጨረሻ የተመረጡት ጥቂቶቹ የመንደሩ ሁሉ አባት እንዲሆኑ ይቆያሉ፤ የቀሩት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ።

ስለ ዴንማርክ፣ ስለ ስዊድን፣ ስለ ኖርዌይና ስለ ፊንላንድ ኢኮኖሚ ሲወራ ተደጋግሞ የሚነሣ ነገር አለ። ሕዝባቸው ጥቂት፣ አየራቸው ብርድ ሆኖ ሳለ በፈጠራ ከዓለም ፊት የተሰለፉት የሥራ ቦታ ባህላቸው ሠራተኛውን ስለሚያናግርና አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው ድርጅቶች ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ነው ይባላል። አብዛኛው አንባቢ ይህን በወሬ ደረጃ ያውቀዋል። በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ግን ስቶክሆልም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር አድርጎ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ መውጣት ይበቃል።

የሚሸጠው ምርጡ፣ የሚቀረው ውራጁ

ከላሎ ምድር እስከ ግሼ ራቤል ያለው ደጋ የገብስና የባቄላ አገር ነው። ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዠማ ሸለቆ ሲወረድ ማሽላው ይበቅላል፤ ላይኛው ደጋ ላይ ግን ውርጭ አለ፣ የበልግ ዝናብም አይታመንም። እህል ሲከዳ የሚደርሰው በግ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ደብተር፣ የእድር መዋጮ፣ የሕክምና ወጪ ሁሉ ከበረት ይወጣል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነበር። አርሶ አደሩ ገንዘብ ሲቸግረው ወደ ገበያ የሚነዳው ቶሎ ያደገውን፣ ነጋዴ ዓይኑን የሚጥልበትን ጠቦት ነው። በተለይ ለፋሲካና ለገና ሸጋ ሸጋው ተለቅሞ ይሄዳል። በረት ውስጥ የሚቀረው ቀጭኑ፣ ዘግይቶ ያደገው ነው። የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች አባት የሚሆነውም እሱ። እንዲህ እያለ ዘሩ ያንሳል። ይህን የመንዝ ሰው ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። አንድ ቤት ብቻውን ሊፈታው ስለማይችል ነው። ምርጥ ጠቦቱን ዓመት ሙሉ ያለ ዋጋ የሚያቆየው ሰው ወጪውን ብቻውን ይሸከማል፤ ጥቅሙን ግን በጋራ ግጦሽ ላይ የዋለው የጎረቤት በግ ሁሉ ይካፈለዋል።

> ምርጡን ጠቦት የሚያቆየው ሰው ወጪውን ብቻውን ይሸከማል፤ ጥቅሙን ጎረቤቱ ሁሉ ይካፈለዋል።

መፍትሔ ተብሎ መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ ከውጭ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ የበግ ማራቢያ ማዕከል ተቋቋመ፤ በኋላ መንዝ ውስጥ አመድ ጉያ ላይ ሌላ ተጨመረ። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የሚባሉ የፈረንጅ በጎች ከአገሩ በግ ጋር ተዳቀሉ። ገበሬው አልወደዳቸውም። ላት የሌለው በግ ገበያ ወጥቶ ምን ያወጣል? ስለዚህ ላት ያለው አዋሲ ከእስራኤል መጣ። የአዋሲ ክልስ በክብደት የተሻለ መሆኑ አላከራከረም። ነገር ግን አውራዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ ብዙ መኖ ይፈልጋሉ፣ ለእርባታ የተሰጠውም በግ ዋጋው ሲያማልል ተሸጠ። በላዩ ላይ ማዲ ቪስና የሚባለው ቀስ ብሎ የሚገድል የበግ በሽታ በማራቢያዎቹ ውስጥ ተገኘና የክልሶቹ ሥርጭት ቆመ።

ይኸው በሽታ ሰሜን አውሮፓንም አይቷታል። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1933 ካራኩል የሚባሉ በጎችን ከጀርመን ስታስገባ አብሮ ገባ፤ መንጋውን ፈጀው። አገሪቱ የተበከሉ አካባቢዎችን በጎች በሙሉ አርዳ በሽታውን ያጠፋችው እስከ 1965 ድረስ ታግላ ነው። በዚያው መከራ መሐል ግን ቢዮርን ሲጉርድሰን የተባለ አይስላንዳዊ ተመራማሪ በዝግታ የሚሠሩ ቫይረሶች አሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1954 አቀረበ፤ ለዓለም ሕክምናም ተረፈ። የበግ እረኞች አገር ችግሯን እንዲህ ወደ እውቀት ለወጠችው።

መዝገብ፣ ሚዛንና ጉባኤ

ሁለተኛው ሙከራ መንገዱን ገለበጠው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የምርምር ማዕከላት ተባብረው በአራት የበግ ዝርያዎች ላይ ማኅበረሰብ አቀፍ እርባታ ጀመሩ፤ በመንዝ፣ በአፋር፣ በቦንጋና በሆሮ። በመንዝ የተመረጡት ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ ያሉ መንደሮች ናቸው፤ ከጎናቸው የቆመው ደግሞ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

ከውጭ የመጣ በግ አልነበረም። የመጣው መዝገብ፣ ሚዛንና የጆሮ ቁጥር ነው። የየቤቱ መንጋ ባለቤቱን ሳይለቅ ለእርባታ እንደ አንድ ታየ። አርሶ አደሩ ምን ዓይነት በግ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ተጠየቀ። ከተመረጡ በኋላም አውራዎቹ በቡድን በቡድን ለሚጠቀሙባቸው ቤቶች ይደለደላሉ፣ በየጊዜውም ይቀያየራሉ፤ አንድ አውራ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ። ምርጥ ጠቦት ያለው ሰው ለችግሩ ሲል እንዳይሸጠው ደግሞ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ተቋቋመ። ማኅበሩ ጠቦቱን በደህና ዋጋ ይገዛዋል፤ አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ተሸጦ ገንዘቡ ተመልሶ ይገባል።

የዚህ ሁሉ ሥር ከሳይንሱ ይልቅ ጉባኤው ነው እላለሁ። ደቦና ወንፈል፣ ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ፣ እድርና እቁብ ሲያስተዳድር የኖረ ሕዝብ የአውራ በግ ማኅበር ማስተዳደር አያቅተውም። ከተመራማሪዎቹ ብዙዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የክብደት ስሌቱን እኛ እናመጣለን፣ ማን በማን ላይ እምነት እንዳለው፣ ማን ጠብ እንደሚያበርድ ግን መንደሩ ነው የሚያውቀው ይላሉ። አርሶ አደሮቹ በበኩላቸው ሌላ ነገር ያነሣሉ። ድሮ ባለሙያ መጥቶ ይነግረን ነበር፤ አሁን መዝገቡን አብረን እናያለን፣ ስንሳሳትም የተሳሳትነው እኛ ነን ይላሉ። ሴቶች በግ ከሚጠብቁትና ከሚያስታምሙት ዋናዎቹ ሆነው ሳለ በጉባኤው ድምፃቸው እንደ ወንዶቹ እንደማይሰማ የሚያማርሩም አሉ። ቅሬታቸው እውነት ነው።

የጁትላንድ ቀጥቃጮች

አሁን ወደ ዴንማርክ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከአሜሪካና ከሩሲያ የመጣ ርካሽ እህል የዴንማርክን ገበሬ ገበያ አሳጣው። ገበሬው ፊቱን ወደ ወተትና ቅቤ አዞረ። የትልልቅ ባለርስቶች ቅቤ ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ የትንሹ ገበሬ ቅቤ ግን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ገዢ ያጣ ነበር። በ1882 በምዕራብ ጁትላንድ ህየዲንግ በተባለች መንደር ገበሬዎች ወተታቸውን አንድ ላይ አድርገው የጋራ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋሙ። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠራው የክሬም መለያ መሣሪያ ለዚህ ሁኔታ ምቹ ነበር። በማኅበሮቹ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነበረው፤ ሦስት ላም ያለውም ሠላሳ ላም ያለውም እኩል ይናገራል። በ1895 ደግሞ ቫየን ላይ የመጀመሪያው የወተት ቁጥጥር ማኅበር ተመሠረተ። መዝጋቢው ከበረት በረት እየዞረ የእያንዳንዷን ላም ወተት ይጽፋል፤ ገበሬዎቹም የትኛዋን ማርባት እንዳለባቸው ከመዝገቡ ያያሉ። ሞላሌ ላይ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ የዘረጋው ልጅ የዚያ መዝጋቢ ወንድም ነው።

እነዚህ ገበሬዎች መሟገት የተማሩባቸው ቤቶች ነበሩ። በ1844 ሮዲንግ ላይ በዴንማርካዊው ቄስ በግሩንትቪ ሐሳብ የተከፈተው የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለገበሬ ልጆች ነበር፤ ፈተናም ዲግሪም የሌለበት። ልጆቹ ከዚያ ወጥተው ማኅበር መሩ፣ ሒሳብ መረመሩ።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያው ልማድ በሌላ ዕቃ ላይ ታየ። በ1973 ነዳጅ ሲወደድ የጁትላንድ ቀጥቃጮች፣ አናጢዎችና የእርሻ መሣሪያ ሠሪዎች የነፋስ ተርባይን መሥራት ጀመሩ። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የተርባይን አምራቾች አንዱ የሆነው ቬስታስ ራሱ በ1898 ሌም በምትባል ትንሽ ከተማ የተከፈተ የቀጥቃጭ ቤት ነበር። ካርል ኤሪክ ዮርገንሰን የተባለው ቀጥቃጭና ሄንሪክ ስቲስዳል የተባለው ወጣት አንድ ላይ የሠሩትን ንድፍ ቬስታስ በ1979 ፈቃድ ወስዶበታል። የተርባይን ባለቤቶች ደግሞ ከ1978 ጀምሮ በማኅበር ተደራጅተው፣ የማን ተርባይን ስንት ኃይል እንዳመነጨ፣ የማን ክንፍ እንደተሰበረ በመጽሔታቸው ያወጡ ነበር። በዚያው ዓመት ሪሶ ላይ የመንግሥት መፈተሻ ጣቢያ ተከፈተ። የቀጥቃጩ ጉድለት ተደብቆ አይቀርም፤ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ያርመዋል።

አሜሪካኖች በናሳና በቦይንግ መሐንዲሶች ግዙፍ ተርባይን በአንዴ ሊሠሩ ሞከሩ፤ አልዘለቀላቸውም። በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ላይ ተተክለው ጸንተው የሠሩት በብዛት የዴንማርኮቹ ነበሩ። አዋሲ ለመንዝ እንዳልሆነ ሁሉ ትልቁ ተርባይንም ከላይ የወረደ ጥበብ ነበርና ከታች የሚቀበለው መንደር አጣ።

> ሦስት ላም ያለውም ሠላሳ ላም ያለውም እኩል ይናገራል።

ጠጉሩን ማን ጻፈው?

እዚህ ላይ የመንዝ ጎዶሎ ይታያል። የመንዝ በግ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ጠጉር አለው። ጠጉሩ በቢላዋ ወይም በመቀስ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ዝተት፣ ባና፣ በርኖስ ይሆናል። በደጋው ብርድ ዝተት የሌለበት ቤት ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር መንዝ ያደረ ሰው ያውቃል።

በዚህ ሙያ ላይ ግን መዝገብም ጉባኤም የለም። የትኛው በግ ረጅምና ለስላሳ ጠጉር እንዳለው አይጻፍም። ጠቦት ሲመረጥ ኪሎው ይነበባል፣ ላቱ ይዳሰሳል፤ ጠጉሩን አንስቶ ለፈታይዋ የሚያሳያት የለም። እሷ ብትጠየቅ የትኛው ቶሎ እንደሚበጠስ፣ የትኛው እንደሚወፍር በጣቷ ታውቀዋለች።

ምክንያቱ ሥር የሰደደ ነው። ደጋው ላይ እርሻና ክህነት ሲከበሩ የእጅ ሙያ ተንቆ ኖሯል። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ እየተባለ ሰው በሙያው ተሰደበ፤ በቡዳ ስም ተፈራ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖትም ልጄ ሸማኔ አይሆንም የሚል አባት በየመንደሩ ይገኛል። ዴንማርክ ቀጥቃጯን ከገበሬው እኩል አስቀምጣ ስታስተምር እኛ ቀጥቃጫችንን ከመንደር ዳር አስቀመጥነው። በኢኮኖሚያችን ላይ ካደረስናቸው ጉዳቶች ይህን የሚስተካከል ብዙ አላውቅም። የተናቀ ሰው የእጁን ምስጢር ይደብቃል፤ ልጁም ሙያውን ሊሸሽ ይሞክራል። ምስጢር በሚደበቅበት ሙያ ደግሞ ማሻሻያ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ አይሻገርም።

በአንጻሩ ምስጢር ሳይደብቁ ተጠጋግቶ መሥራት ምን እንደሚያመጣ አዲስ አበባ ላይ አይተናል። የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች አርመኖች ከከፈቷቸው የቀድሞ ፋብሪካዎች ሙያ የወሰዱ ሰዎች ዘር ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ተዘጉ። የተረፉት ግን ቆዳ ሻጩ፣ ሶል ሻጩና ሰፊው በአንድ ሰፈር ስለነበሩ ሞዴል ተቀዳድተው፣ ጥራት አሻሽለው ገበያውን መልሰው ያዙ።

ደብረ ብርሃን ቅርብ ናት፣ ሩቅም ናት

ከመንዝ ወርዶ ደብረ ብርሃን የገባ ሰው የፋብሪካ ከተማ ያገኛል። የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በ1950ዎቹ ማብቂያ የተተከለ ነው፤ ለትውልድ የቆየ ስም አለው። ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች መጡ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ አስፋልት አለ። በካርታ ላይ ያየው ሰው የተሟላ የኢንዱስትሪ መንደር ነው ይላል።

ጎን ለጎን መቆም ግን አብሮ መሥራት አይደለም። የመንዝ ጠጉር ሻካራ ነው ስለሚባል ለጥሩ ብርድ ልብስ የውጭ ጥሬ ዕቃ ያስፈልጋል። ይህ ሻካራነት በመዝገብና በምርጫ ሊሻሻል ይችል እንደሆነ፣ ወይም ሻካራው ራሱ ለምንጣፍ ይበልጥ ይስማማ እንደሆነ ፋብሪካውን፣ ምርምር ማዕከሉንና የመንዝን ፈታዮች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ቋሚ ጉባኤ ያስፈልጋል።

በፋብሪካ ውስጥ ያለውም ባህል ሌላ ጥያቄ ነው። በልብስ ስፌት ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ማሽኑ የት ላይ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ስፌት ጊዜ እንደሚበላ እናውቃለን፣ ግን የሚጠይቀን የለም፤ ብንናገርም ደፋር ተብለን እንታያለን። ተቆጣጣሪዎች በበኩላቸው ሠራተኛው አይቆይም፣ ለማይቆይ ሰው ምን ይነገራል ይላሉ። ሠራተኛው የማይቆየው ደመወዙ ኪራዩን ስለማይችል እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣችው ሕግ አሠሪ በሥራው ላይ ትልቅ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር እንዲደራደር ግዴታ ጣለች። ዴንማርክ አሠሪው ሠራተኛውን በቀላሉ እንዲያሰናብት ትፈቅዳለች፤ የተሰናበተው ግን ሥራ ሲፈልግ ድጎማና ሥልጠና ያገኛል። እዚያ ሰው አዲስ ነገር ሞክሮ ቢሳሳት ልጁ አይራብም። ለመሞከር ድፍረት የሚሰጠው ከምንም በላይ ይህ ነው። መንዝ ላይ ያ ተዘዋዋሪ ገንዘብ የሚሠራው ሥራም በመጠኑ ይኸው ነው፤ ጠቦቱን ለማቆየት የደፈረው አርሶ አደር ስለ ድፍረቱ አይቀጣም።

የጓሳ ትምህርት

መንዝ ለረጅም ጊዜ የጋራ ደንብ ማክበር እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ ወደ ጓሳ ይሂድ። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአካባቢው ሰው ደንብ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ቄሮ ይባል በነበረው ሥርዓት ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ከነባለቤቶቹ አፈረሰው። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም፤ ኮሚቴ አዋቅሮ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው፣ የአማራ ክልልም በኋላ በሕግ አጸደቀለት።

ይህን የጋራ ሥራ የሚያሰናክለው ግን የሰላም እጦት ነው። የ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት መንዝ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድ ይዘጋል፣ ባለሙያ ያስቀራል። የመዝገብ ሥራ ደግሞ መቋረጥን አይችልም። አንድ ዓመት ያልተመዘኑ ግልገሎች ለዘላለም ያልተመዘኑ ናቸው። ሰላም ለመንዝ የበግ ዘርም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገኖች ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሆይ፣ በጠቦቱ መዝገብ ላይ ስለ ጠጉሩ አንድ ዓምድ ጨምር፤ ዓምዱን የምትሞላውም ፈታይዋ ትሁን። የፋብሪካ ኃላፊዎች ሆይ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሞላሌ ወጥታችሁ በምርጫው ጉባኤ ተቀመጡ፤ ስትመለሱም የራሳችሁን ሠራተኞች በዚያው መንገድ አስቀምጣችሁ አናግሩ። አንተም አንባቢ፣ አንቺም፣ ዝተት ስትገዙ የሸመነውን ሰው ስሙን ጠይቁት።